እናቴ የሚለው ታግ

ጅማ ውስጥ አባቴ ፎቶ ያላነሱት ቤተሰብ የለም። እንዲህ ስል ጉረኛ የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉኝ። ሠርጉን፣ ምርቃቱን፣ የመታወቂያውን ጉርድ ፎቶ ሁሉ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሥራውን አቁመው ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ይውላሉ። ዓይናቸው ቢደክምም መንገደኛ ባለፈ ቁጥር «ይሄ ሰው አንገቱን ትንሽ ቀና ቢያደርግ ያምርበት ነበር» ማለታቸውን አልተዉም።

የአባቴ ፎቶ ስቱዲዮ ደማቅ ጊዜ የቡና ወቅት ነበር። ከአጋሮና ከአካባቢው መጥቶ ቡናውን የሸጠ ሰው ጅማ ሲገባ መጀመሪያ ጨርቅ ይገዛል፣ ቀጥሎ ፎቶ ይነሳል። አባቴ ይህን ስለሚያውቁ ለደንበኛ የሚዋስ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ሬዲዮ አዘጋጅተው ነበር። ኮቱ ለወንዶቹ፣ ሬዲዮው ለሴቶቹ ነው። ሬዲዮው ሆድ ዕቃው ወጥቶ ቀፎው ብቻ የቀረ ስለሆነ አንድም ቀን ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። ሴቶቹ ግን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውት፣ ዜና እንደሚያዳምጥ ሰው ኮስተር ብለው ይነሱ ነበር።

ስቱዲዮው ሲዘጋ ኔጋቲቮቹ በብስኩት ቆርቆሮ ታጭቀው ቤታችን ገቡ። አንዳቸውም ላይ ምንም አልተጻፈም። የማን እንደሆኑ የሚያውቀው ደንበኛው ነበርና ፎቶውን ተቀብሎ ሲሄድ እውቀቱንም ይዞት ሄደ። እኔ የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ የተማርኩትም መጽሐፍ በየርዕሱ መመደብ ነው። ስለዚህ ኔጋቲቮቹን ስካን እያደረግሁ ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ እንደተማርኩት አደረግሁ። «ሴት፣ የተቀመጠች፣ ከሬዲዮ ጋር» ብዬ ጻፍኩ። ቀጣዩን አወጣሁ፤ «ሴት፣ የተቀመጠች፣ ከሬዲዮ ጋር»። ሌላ አወጣሁ፤ ያው ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የእያንዳንዱን ሰው መልክ ለይተው ሲያነሱ ኖረው፣ እኔ ልጃቸው ሁሉንም አንድ አድርጌ ላስቀራቸው ነው።

ያኔ ነው ለባለቤቶቹ ልመልሰው ያልኩት። ስልክ ላይ ግሩፕ ከፈትኩና ፎቶዎቹን በየቀኑ መለጠፍ ጀመርኩ። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ፎቶውን ያየ ሰው የመጣለትን ቃል ከሥሩ ታግ አድርጎ ይጽፋል። በአማርኛ ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ ይርዘም ይጠር፣ ግድ የለኝም። ያንን ቃል በጣቱ የነካ ሰው ደግሞ ተመሳሳይ ቃል የተጻፈባቸውን ፎቶዎች በሙሉ አንድ ላይ ያገኛቸዋል። አብሮኝ የሚሠራው ባልደረባዬ ነገሩን ስነግረው «ይሄማ ገበያ ነው፤ ሁሉም እንደፈለገ የሚጮህበት» አለኝ። ባልደረባዬ ሥርዓት የሚወድ፣ እርሳሱን እንኳ በቁመቱ ደርድሮ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። እኔም ከገበያ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ካለ አሳየኝ አልኩት።

ሰው መጣ፣ ያውም እንዴት መጣ። ከጅሬን፣ ከአጋሮ፣ ከአዲስ አበባ፣ ዓረብ አገር ካሉት ሳይቀር ገባ። የመጀመሪያው ጠብ የተነሳው በኮቱ ነው። አንዱ «የአባቴ ኮት» ብሎ ታግ አደረገ። በማግስቱ ሌላው፣ ፍጹም በማያውቀው ሰው ፎቶ ሥር፣ ይህ የእኔ አባት ኮት ነው፣ እዚህ ሰውዬ ላይ ምን ይሠራል ሲል ጠየቀ። ሦስተኛዋ መጣች። ለካ ሁሉም ያንን ፎቶ ግድግዳ ላይ እያዩ ስላደጉ አባታቸው ባለ ኮት እንደነበሩ እርግጠኛ ናቸው። አንዷማ ኮቱን ሸጦ የበላው አጎታቸው ነው ብላ እስከዛሬ ቂም እንደያዘች ጻፈች። እንዲህ ያለ ስህተት ከኛ አገር ሰው በቀር ማን ይሳሳታል? ለአባቴ ሳነብላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና «ኮቱ የኔ ነው፤ ልብስ ሰፊው እኔን ለክቶ ነው የሰፋው በይልኝ» አሉ። እንዳሉኝ ጻፍኩ። ማንም አልሰማኝም፤ «የአባቴ ኮት» ማለታቸውን ቀጠሉ። ዛሬ ያንን ቃል ብትነኩት ገበሬው፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው ሁሉ በአንድ ኮት ተሰልፈው ይመጣሉ። የትኛውም የቤተ መጻሕፍት ርዕስ እንዲህ አድርጎ አይሰበስባቸውም ነበር።

አንድ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ሴት ከአጋሮ ቤታችን ድረስ መጣች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። አባቴን «አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ» ብላ ጉልበታቸውን ስማ ተቀመጠች። እናቷ እሷን በወለደች ዕለት ሞታለች። አንድ ፎቶ ብቻ ነበራት፤ እርጉዝ ሳለች፣ በቡና ወቅት፣ እዚሁ አባቴ ዘንድ የተነሳችው። ያንን ፎቶ ያስቀመጠችው አክስቷ ነበረች፤ ልጅቷ ገና ጡጦ ሳትጥል ቤታቸው ተቃጠለና ፎቶውም አብሮ ሄደ። አክስቷ ስለ ፎቶው የነገረቻት አንድ ነገር ነው፤ ሬዲዮ ይዛ ነበር። አክስትየዋም አሁን የለችም። እና ይህቺ ሴት፣ ራሷ የልጆች እናት ሆና፣ የእናቷን ፊት አንድም ቀን አይታ አታውቅም።

«ማሎ አባባ» ብላ ለመነቻቸው፣ «መልኳን አንዴ ብቻ ልየው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

 አባቴ ሰው ሲጠይቃቸው አላውቅም ማለት የሚከብዳቸው ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ያንን ሬዲዮ ያልያዘች ሴት የለችም» አሏት በመጨረሻ። ፊቷ ሲጠወልግ ሳይ አላስቻለኝም። አፌን ሞልቼ «እናገኛታለን» አልኳት። አባቴ ዞር ብለው አዩኝ። «ቃል እንደ ፎቶ ነው፤ ተቸኩሎ ከታጠበ ይበላሻል» የሚሉኝ እሳቸው ናቸው፤ የቸኮልኩ መስሏቸው ነው።

«ሬዲዮ» የሚለውን ታግ ነካሁላት። የዚያን ዘመን ሴቶች በሙሉ ባለ ሬዲዮ ሆነው ወጡ፤ ሬዲዮውና ሰፊው ልብሳቸው ሆዳቸውን ስለሸፈነው እርጉዟን መለየት አይቻልም። እሷ ግን አልሰለቻትም፤ እያንዳንዷን ቀርባ አየች። አፍንጫቸውን ከአፍንጫዋ፣ ግንባራቸውን ከግንባሯ ጋር ታስተያያለች፤ እንደማላውቅ እያወቀች «ይቺ ትሆን?» ትለኛለች።  በማላውቀው ነገር አዎ እንዳልላት ራሴን ያዝኩ። ግሩፑ ውስጥ አስገባኋትና ወደ አጋሮ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ፎቶ ከመለጠፌ የመጀመሪያዋ ተመልካች እሷ ነበረች፤ ምንም አትጽፍም፣ ታያለች ብቻ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቃል ግሩፑን አጥለቀለቀው፤ «እናቴ» የሚለው። ሰው እናቱን ሲያገኝ ሌላ ቃል አይመጣለትም። ዓመቱን፣ ሰፈሩን፣ ልብሱን ትቶ «እናቴ» ብሎ ይሄዳል። ባልደረባዬ ይህን ሲያይ ትዕግሥቱ አለቀ። የማን እናት? ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ቃል ለጻፈው ሰው እንጂ ለሌላ ለማንም ምንም አይነግርም፤ ከመቶ ሰው መቶ ዓይነት እናት ይወጣልና አጥፊው፣ በምትኩ ሁሉንም «ሴቶች» በሚል አንድ ርዕስ ሥር አግቢያቸው አለ። ተንኮለኛ ሆኖ አይደለም፤ እኔም እሱም የተማርነው መጽሐፍ የሚለው ይህንኑ ነው።

እኔ ግን እጅ አልሰጠሁም። «ልጇ እናቴ ያላትን፣ እኔ ሴት ልበላት?» አልኩት። ይህንን ስናገር ለክርክሩ የሚሆን በቂ ምክንያት አልነበረኝም፤ ተቆጥቼ ነው የተናገርኩት። ቢሆንም እስከዛሬ ከተናገርኳቸው ሁሉ የምኮራበት ንግግር ይኸው ነው። ቃሎቹን አንድም ሳልነካ ተውኳቸው፤ በየሳምንቱ ከየፎቶው አጠገብ ወደ ኮምፒውተሬ እየገለበጥኩ አስቀመጥኳቸው።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ የአጋሮዋ ሴት ደወለች። ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ሰላምታዋን አስቀድማ፣ የልጆቼን ደኅንነት ጠይቃ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ አለችኝ። ከግሩፑ እንዴት እንደሚወጣ እንዳሳያት ነበር የፈለገችው። ምነው አልኳት።

«ሁሉም ሰው እናቴ፣ እናቴ ይላል፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ይላል። የኔን ግን እናቴ የሚላት ሰው የለም እኮ። ከኔ በቀር ልጅ የላትም፤ እኔ ደግሞ አላውቃትም።»

መንገድ ላይ ቆምኩ። ባጃጅ ጥሩንባውን ሲነፋብኝ እንኳ አልተንቀሳቀስኩም። የፈለግነውን ነገር እሷው ነገረችኝ። እናቷ ማንም «እናቴ» ካላላቸው ሴቶች መሀል ናት። ልጆቻቸው «እናቴ» ያሏቸውን ባወጣቸው፣ ባወጣቸው፣ የምትቀረው እሷ ናት። ባልደረባዬ ምንም አይነግርም ያለው ቃል፣ የእሷ እናት የትኛዋ እንደሆነች ባይነግረን የትኞቹ እንዳልሆኑ ይነግረናል። ከግሩፑ እንዳትወጣ፣ ትንሽ ቀን እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ኢንሻአላህ ብላ ዘጋች።

ሥራው ሲጀመር ግን እንደ አፌ አልቀለለም። ጅማ እናቱን በአንድ ቃል አይጠራም። «እማዬ» ያሉ አሉ፣ «ሃዸ ኮ» ያሉ አሉ፣ «ሃርሜ»፣ «አዮ»፣ «ኡሚ» ያሉ አሉ። አያት ዘንድ ያደጉት ደግሞ እናታቸውን እንደ ታላቅ እህት «እትዬ» ነው የሚሏት፤ እሷን ልጅ የላትም ብዬ ብቆጥር ትልቅ በደል ነው። ስለዚህ ግሩፑን ጠየቅሁ፤ እናታችሁን ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? መልሱ ጎርፍ ሆነ። የሳቀ አለ፣ ያለቀሰ አለ፤ በሁለት ቋንቋ ቀላቅሎ የሚጠራ አለ። እናቱን «ጓዴ» የሚላትም ተገኘ። አንድ ከተማ ይህን ሁሉ ቃል ለአንዲት ሰው ሲያዋጣ አይቼ፣ እዚህ በመወለዴ ደረቴ ሰፋ።

ከመልሶቹ መሀል አንዱ የባልደረባዬ ነበር። «እትዬ» ብሎ ነው የጻፈው፤ ያሳደጉት አያቱ መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቅሁት። በማግስቱ ከሥራ በኋላ ወንበሩን ስቦ ኮምፒውተሬ አጠገብ ተቀመጠ። ስለ ክርክራችን አንድም ቃል አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም። እሱ ቃሎቹን እያነበበ፣ እኔ ልጅ የተገኘላቸውን ሴቶች ወደ ጎን እያደረግሁ፣ ማታ ማታ ቤታችን እስኪናፍቀን ሠራን። መቼም ሥርዓት ያለው ሰው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው የተፈጠረው፤ እኔ ብቻዬን ብሆን ግማሹን እደጋግመው ነበር።

በመጨረሻ ጥቂት ሴቶች ቀሩ። ሬዲዮ ይዘዋል፣ ማንም ግን እናቴ አላላቸውም። ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ከደስታ ይልቅ ኀዘን ያዘኝ። ያልወለዱ ይኖራሉ፣ ወልደው የቀበሩ ይኖራሉ፣ ልጃቸው ስልክ የሌለውም ይኖራል። አጋሮ ያለችው ሴት ጉዳይ የግሏ ስለሆነ ስለ እሷ ምንም ሳልናገር ፎቶዎቹን መልሼ ለጠፍኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ እነዚህን እስካሁን እናቴ ያላቸው የለም፣ የምታውቋቸው ካላችሁ አንዳንድ ቃል ስጧቸው።

ያን ዕለት የአገሬን ሰው አየሁት። አንደኛዋን «ያሳደገችን» አሏት፤ አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ሰፈር ነው ያላት። ሌላዋን «ቁርዓን ያስቀራችኝ» አሏት፤ አስተማሪያቸው ነበረች። ሌላዋ «አዋላጇ» ሆነች፤ የራሷ ልጅ የሌላት ሴት ስንቱን በእጇ ተቀብላለች። አንዲቷ ላይ ደግሞ ቃሎቹ ቀስ እያሉ፣ እርስ በርስ ከማይተዋወቁ ሰዎች ተንጠባጠቡ። አንዱ «አጋሮ» አለ። አንዷ «ቡና ለቀማ ላይ የምትዘፍነው» አለች። ሌላ ሰው «ጎረቤታችን» ብሎ ጻፈ። ቆይቶም ያው ሰው ተመልሶ መጥቶ ሌላ ጨመረ፤ «ሴት ልጅ ወልዳ ያረፈች»።

ወዲያው ለዚያ ሰው ጻፍኩለት። ራሱ አያውቃትም፤ ፎቶውን ለሸመገሉት እናቱ አሳይቷቸው፣ እሳቸው ያሉትን ነው የጻፈው። እናቱን በስልክ አገናኘኝ። ሴትየዋ ፎቶውን ገና እንዳዩት ነው ያወቋት። በአንድ አውቶቡስ አብረው ጅማ መጥተው፣ ያንኑ ቀን ሁለቱም ተራ በተራ ተነስተዋል። የእሳቸውን ፎቶ ልጃቸው ቀደም ብሎ «ሃርሜ» ብሎት ነበር።

«እኔ ነኝ እኮ ያሳቅኋት» አሉኝ። «ፎቶ አንሺው ኮስተር በዪ ይላታል፣ እኔ ከጀርባው ቆሜ ከንፈሬን አጣምምባታለሁ። ወላሂ፣ ተቆጣኝ ሰውየው።»

ፎቶውን እንደገና ከፍቼ አየሁት። እውነትም ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ኮስተር ሲሉ እሷ አንድ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ለአባቴ ሄጄ አሳየኋቸው፤ ስልኩን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ቆዩና «ይቺማ የተበላሸች ናት» አሉ። ደንበኛ ሲንቀሳቀስባቸው ወይ ሲስቅባቸው ደግመው ያነሱ ነበር። ከሩቅ የመጣ ደንበኛ ከጠየቃቸው ደኅናውን ኔጋቲቭ ከፎቶው ጋር ይሰጡታል፤ የተበላሸው እሳቸው ዘንድ ይቀራል። አልጣሉትም እንጂ ሰው እንዲያየውም አይፈልጉም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ የአጋሮዋ ሴት መጣች። ስልኩን እንድታየው ብቻ አልፈለግሁም፤ በወረቀት አሳትሜ፣ የእናቷ ፊት ጉልህ ሆኖ እንዲታይ ሰፋ አድርጌ አዘጋጅቼላት ነበር። ጎረቤትየዋ ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ስለ ለቀማው ዘፈን፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ሳቁ። ከዚያ ሰጠኋት።

ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። አባቴ ጨነቃቸው። «ልጄ፣ ደኅናው ይኼ አልነበረም። ኮስተር ብላ የተነሳችው ሌላ ነው፤ ያ ነበር የኔ ሥራ» አሏት።

«ደኅናው ተቃጥሏል፣ አባባ። እንኳን ይኼኛውን አልጣሉት» አለቻቸው። ቀጥላም ጣቷን ሬዲዮው ላይ አሳረፈች። ሬዲዮው እንደ ሌሎቹ ፎቶዎች እናቷ ጉልበት ላይ አልተቀመጠም፤ የገፋ ሆዷ ቦታ ነስቶት ወደ ጎን አዘንብሏል። «ይኼ እኔ ነኝ» አለች። «አብረን ነው የተነሳነው።»

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ። የስንቱን ሰው አንገት ቀና አስደርገው ያነሱ ሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። እኔም አለቀስኩ፣ አልዋሽም፤ ያለቀስኩት ግን ኮርቼ ነው። በአባቴ ኮራሁ፣ የተበላሸ ያሉትን እንኳ ባለመጣላቸው። አንድ አንድ ቃል ባዋጡት በማላውቃቸው ሰዎች ኮራሁ። በራሴም ኮራሁ፤ ጉረኛ የሚለኝ ይበለኝ።

ስትረጋጋ ስልኳን አወጣችና እኔስ ምን ብዬ ልጻፍ አለችኝ። ሕጉን ታውቀዋለች፤ የመጣልሽን ቃል አልኳት። በግሩፑ ውስጥ እስከዚያ ቀን አንድ ፊደል ጽፋ አታውቅም ነበር። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየፈለገች ጻፈች፤ «እናቴ»። ላከችው። ከዚያ ሌላው ሰው ሲያደርግ እንዳየችው ቃሉን በጣቷ ነካችው። ግሩፑ ላይ አዲስ የተጻፈ ከላይ ነው የሚመጣው። የጅማ እናቶች፣ የአጋሮ እናቶች ተከታትለው ወጡ፤ የእሷ እናት እጇን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች ከሁሉም ፊት ነበረች።